የተመለሰው ፓምፕ

«አንተ ፈየራ፣ ሞተሬን ጨረስክብኝ እኮ!» አለ ኦቦ ሌታ፣ የውሃ ፓምፑን ከጋሪ አውርዶ ጋራዡ በር ላይ ዱብ እያደረገው። «ገና በሳምንቱ ጭሱ ሰማይ ነካ፤ ውሃም አልስብ አለ። ጉደር ወንዝ ዳር ሽንኩርቴ ቆሞ እየደረቀ ነው።»

የመቲ አባት ኦቦ ፈየራ ወደ ፓምፑ ጎንበስ አለ። ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብሎን የሚለየው በጣቱ ነው። ሞተሩን እዚያው ፈታና ሲሊንደሩ ውስጥ ጣቱን ሰደደ። አወጣው። እንደገና ሰደደ። መቲ ከኋላው ቆማ ጣቱን ታያለች።

«ተቧጭሯል» አለ በመጨረሻ። «የብርጭቆ ወረቀቱ ዱቄት ነው የበላው።»

ባለፈው ሳምንት አዲስ ፋሻ፣ ያ ፒስተኑ ላይ የሚገባው ቀለበት፣ ከመገጠሙ በፊት አባቷ የሲሊንደሩን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት አግድም ሰያፍ ፈትጎት ነበር። ግድግዳው እንደ መስታወት ከለሰለሰ አዲስ ፋሻ አይይዝም። ከዚያ ለእሷ ሰጣት።

«በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው። ቤንዚን ዱቄቱን ጠርጎ አያወጣውም። ነጭ ጨርቅ አስገብተሽ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ!»

በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበረባት። ውሃ ማሞቁ ታከታትና በቤንዚን ለቅለቅ አደረገችው። ጨርቁ ጠቁሮ ወጣ።

«ነጣ?»

«ነጥቷል፣ አባዬ።»

እሱ እንደሆነ አያይም።

«ሰው ሁሉ ሞተር ለዕውር ይሰጣል ወይ ብሎ ሲስቅብኝ» አለ ኦቦ ሌታ የተፈታውን ሞተር እያየ፣ «የፈየራ እጅ ያያል ብዬ ተከራክሬልሃለሁ። አሁን ምን ልበላቸው?»

«እውነታችሁን ነው በላቸው። ሳይጠራ ገጠምኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።» ኦቦ ፈየራ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ሳጥን ውስጥ ይከት ጀመር። «አምቦ ሄጄ ሌላ ሲሊንደር እፈልግልሃለሁ። ከዚያ ወዲያ የሰው ሞተር አልነካም።»

የመቲን ስም አላነሳም። ያውቅ እንደሆነም ከፊቱ አይነበብም። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። አባቷ ግን ከነገ ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ የሚውል ሰው ሊሆን ነው።

ኦቦ ሌታ ጋሪውን አዙሮ መንገድ ጀምሯል። መቲ ሮጣ ፊቱ ቆመች።

«ኦቦ ሌታ፣ አንዴ ይመለሱ» አለች። «አባዬ እየሰማ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»