የቶቬ ማውጫ

ቶቬ ሊንድጋርድ በዱሉዝ ከተማ፣ ለሆስፒታል የመድኃኒት ፓምፖች ፕሮግራም በሚጽፍ ትንሽ ድርጅት ጀርባ፣ ከውጪው የብረት ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። ጠዋት ያገኛት የድርጅቱ ባለቤት ብራንት ነበር። ፖሊሶቹ «አዳልጧት ነው» ብለው ሊዘጉት ሲሉ መርማሪ ሲግሪድ ማኪን አንድ ነገር ከነከናት። የልጅቱ ካፖርት ወንበሯ ላይ ነው። በዚያ በረዶ ያለ ካፖርት ወዴት ልትሄድ ወጣች?

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደግሞ የባሰውን ነገራት። «ወዲያው አልሞተችም። ሰው ቢደርስላት ትተርፍ ነበር።»

በወደቀችበት ምሽት ከቶቬ ጋር ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ብራንት፣ ባልደረባዋ ጁዲት እና ሙያውን ያስተማራት ሽማግሌው ኦርቪል ኬስቲ ብቻ ናቸው።

ሲግሪድ ከጁዲት ጋር የሟቿን ኮምፒውተር ከፈተች። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ቶቬ የሰጠቻት የመጨረሻዋ ትእዛዝ እንደተጻፈች ቀርታለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የፕሮግራሙን ጽሑፍ አስሳ ማውጫ ትሠራለች፤ የትኛው ስም የት ፋይል ውስጥ እንዳለ። ያለሷማ በዚህ የፋይል ጫካ ውስጥ ማን መንገድ ያገኛል!»

«ጽሑፉ ቢቀየርስ?»

«ትእዛዟን ካልደገምሽ ማውጫው የድሮውን ይዞ ይቀራል።»

ጁዲት ማውጫውንና ፋይሉን ስታስተያይ አንድ ነገር አገኘች። የፓምፑን የአደጋ ደወል ዝም የሚያሰኝ፣ «ደወል አፍን» የሚል ስም ማውጫው ላይ አለ፤ ፋይሉ ውስጥ ግን የለም።

«ከቶቬ በኋላ ሰው አጥፍቶታል። የድሮ ቅጂዎቹንም ጠርጓል። ማውጫዋን ግን ረሳት» አለች ጁዲት። «አምና አንድ ሕፃን ፓምፑ ሳይጮህ ሞቷል።»

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት ሲግሪድ።

ብራንት ሲጠየቅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ስወጣ ከሕንፃው ጀርባ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ከጣሪያ በረዶ የወረደ መስሎኝ ሄድኩ። ምነው በተመለስኩ!»

ኦርቪል ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ከቶቬ ሥራ ላይ የጠፋ ነገር አለ» አለችው ሲግሪድ።

«ልጄ፣ ደወሉን ማንም አልነካውም። ተዪኝ እባክሽ፣ ሐዘን ላይ ነኝ።»

በማግሥቱ ሲግሪድ ሦስቱን ሰበሰበች። የቶቬ እናት ማርጊትም መጥታ ነበር።

«ቶቬ ወደ ቤቷ አልወጣችም» አለች ሲግሪድ። «ካፖርቷን ትታ የሮጠችው ሰው ተከትላ ነው። ኮምፒውተሩ እንደመዘገበው ፋይሉ የተነካው ብራንት ያንን ድምፅ ከሰማ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያጠፋው ሰው እሷ ወድቃ ሳለ እዚሁ ነበር። ጁዲት ብትሆን ማውጫውን ራሷ አታሳየኝም ነበር። ብራንትን የመኪና መውጫው በር ላይ ያለው ካሜራ ሲሄድ አይቶታል። እርስዎን ግን ኦርቪል፣ የጠፋ ነገር አለ አልኩዎት እንጂ መቼ ደወል አልኩ?»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተሰበሰበ።

«ነርሶቹ በከንቱ ይጮሃል ብለው ቢያማርሩ ለጊዜው ብዬ አፈንኩት። መልሼ መክፈቱን ረሳሁ። ሕፃኑ ሲሞት ደግሞ ፈራሁ፤ ዝም አልኩ። ቶቬ ደረሰችበት። ‹ሄደን እንናገር፣ አብሬህ እቆማለሁ› አለችኝ። ጥያት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ደርሳ ክንዴን ያዘችኝ፤ ስመነጭቃት ወደቀች...»

«ከዚያስ?» አለች ማርጊት።

«ስሜን ጠራች።»

«ወረድክላት?»

«ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስኩ።»

ጁዲት አፏን ይዛ ወጣች። ማርጊት ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ከሞተው አባቷ እኩል ነበር የምታምንህ» አለችው ቀስ ብላ። «አንተን ጠራች። እኔንስ አልጠራችም?»

ኦርቪል አንገቱን እንደደፋ መለሰ።

«ድምፅዋ ሲደክም... ‹እማዬ› አለች።»

ሲግሪድ ካቴናውን እጁ ላይ ስታስገባ ማርጊት ከወንበሯ ወርዳ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ወዬ ልጄ፣ ወዬ» ትል ነበር።