እዚህ ላይ ተንፍሱ

ዜማው የመጣው ከወጥ ቤት ነው። እሷ ሳሎን ተቀምጣ የተማሪዎቿን የፒያኖ መልመጃ ታርማለች፤ አክስቷ ሳህን እያጠበች ታንጎራጉራለች። መጀመሪያ ልብ አላለችውም። በኋላ ግን እርሳሱ እጇ ላይ ቆመ።

የራሷ ዜማ ነበር።

ሰው ላለመረበሽ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ በኤሌክትሪክ ፒያኖዋ የደረሰችው ነው። ኖታውን ለሚፈልግ ሁሉ ብላ ድረ ገጽ ላይ ለጥፋዋለች፤ አክስቷ ግን አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ደግሞም ተለውጧል። ሳይቆረጥ እንደ ክር መሳብ ያለበት ረጅሙ ድምፅ መሃሉ ላይ ትንፋሽ ገብቶበታል።

«አክስቴ፣ ይቺን ዜማ ከየት አመጣሻት?»

«ከኳየራችን ነዋ! ታምራለች አይደል? መሪያችን ነው ያመጣልን።»

«የማን ድርሰት ናት አላችሁ?»

«ባለቤቷ አይታወቅም አለ። ምነው ሚጡ፣ አንቺም ወደድሻት እንዴ?»

ሚጡ አክስቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራት ስም ነው። ደሟ ፈላ። ባለቤቷ አይታወቅም! ባለቤቷ እኮ እዚህ ተጎልታ የተማሪ መልመጃ ታርማለች።

«በሚቀጥለው ልምምድ አብሬሽ እመጣለሁ» አለች።

አክስቷ የምትዘምርበት የጡረተኞች ኳየር የሚለማመደው ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለ አዳራሽ ነው። መስኮቱ ሲከፈት የጎማ ሽታ ይገባል፤ ሲዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም። መሪው እጅጌውን እስከ ክርኑ የሰበሰበ፣ ዘለግ ያለ ወጣት ነው። ሚጡ ዘማሪዎቹን ሰንጥቃ አለፈችና ፊቱ ቆመች።

«ይህን ኖታ ማን ፈቀደልዎ?»

«ማንም። ስም የለውም እኮ።»

ስልኳን አውጥታ አፍንጫው ሥር ደቀነችው። ከገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ስሟ አለ። ከስሟ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ አትሙት፣ አባዙት፣ በነፃ ዘምሩት። ስሜን ግን አትንሱኝ፤ ከመለወጣችሁ በፊትም ጠይቁኝ።

መሪው አነበበው። ከዚያ ዘማሪዎቹ የያዙትን ወረቀት አየ። እንደገና ስልኩን አየ። ላብ አጠመቀው።

«ፎቶ ኮፒው ነው» አለ በመጨረሻ። «የነሱ ዓይን ደቃቅ ጽሑፍ አያይም። አስፍቼ ሳባዛው ግርጌው ከወረቀቱ ውጭ ቀረ። እኔም በዜማው ተይዤ ግርጌውን አላነበብኩትም። ይባስ ብዬ ለሌሎች ኳየሮችም ይጠቅማል ብዬ ያንኑ የሰፋውን ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት። ፊደል ላሰፋ ብዬ ስምዎን ቆረጥኩት።»

«ትንፋሹንስ? እሱንም ፎቶ ኮፒው ነው የጨመረው?»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። ወንበር ላይ የተቀመጡ ግዙፍ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ ልጄ። ድሮ ድምፄ ግድግዳ ይነቀንቅ ነበርና ጋሼ ነጎድጓድ ይሉኛል። አሁን ሳንባዬም ጡረታ ወጣ። ብቻዬን መሃል ላይ እንዳልቀር ብሎ መሪያችን ሁሉንም ከኔ ጋር ያስተነፍሳቸዋል።»

«እስቲ አንድ ጊዜ ይስሙን» አለ መሪው።

ዘመሩ። ረጅሙ ድምፅ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ባንድነት አየር ሳቡ፤ አዳራሹ ራሱ የተነፈሰ መሰለ። ሚጡ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ቀና ስትል መሪው ኳየሩን ትቶ እሷን ያያል።

«ጠይቁኝ ነው የሚለው» አለች፤ ድምፅዋ ለስልሷል።

«እንግዲያው ልጠይቅ። እንዲተነፍሱ ይፈቀድላቸዋል?»

«አስብበታለሁ።»

«እርስዎ እስኪያስቡበት ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁ?»

ሳቋ አመለጣት። አክስቷ አጠገቧ ያለችውን ሴት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

መሪው በማግስቱ ስሟ ያለበትን ገጽ አባዝቶ ለሁሉም አደለ፤ ኢንተርኔት ላይ የጫነውንም አነሣ። ሚጡም ልምምድ መምጣት አዘወተረች፤ ከልምምድ በኋላ የሱ መንገድ ሁልጊዜ በነሚጡ ቤት በኩል ሆነ። ቤቱ በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑን አክስቷ ደርሳበታለች፤ አይታ ግን እንዳላየች አለፈች። «እርስዎ» መቼ «አንቺ» እና «አንተ» እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱም። ስለ ትንፋሹ በጠየቃት ቁጥር መልሷ ያው «አስብበታለሁ» ነው። ከፈቀደች የሚጠይቃት ነገር እንዳያልቅበት ፈርታለች።

አንድ ጠዋት ድረ ገጹን ስትከፍት ዜማዋ የለም። በቦታው «በቅጂ መብት አቤቱታ ምክንያት ተነሥቷል» የሚል መልእክት ተቀምጧል። አንድ የሙዚቃ ስቱዲዮ ስም የሌለውን ገጽ ከመነሣቱ በፊት አግኝቶ፣ ባለቤት የሌለው የድሮ ዜማ ነው ብሎ፣ በወጣት ድምፃውያን ቀርጾ በራሱ ስም አስመዝግቦታል። የሷ ኖታ ከስቱዲዮው የተሰረቀ ነው ተብሎ ተነሣ። ወሬው የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደረሰ። ዳይሬክተሯ «እስኪጣራ ድረስ የራስሽን ድርሰት ለልጆቹ አታስተምሪ» አለቻት።

የዚያን ዕለት መሪው ሲመጣ ሚጡ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ደጅ ቆመች።

«ስቱዲዮውን አላውቀውም። አንተን ግን አውቅሃለሁ» አለች። «ስሜን የቆረጥከው አንተ ነህ።»

«አዎ» አለ።

ቢከራከራት ይቀላት ነበር።

ልምምድ መሄድ ተወች። የከተማው የኳየሮች ውድድር ፍጻሜ ሲደርስ ግን አክስቷ በሩ ላይ ቆማ «ለኔ ስትይ» አለቻት፤ ያሳደገች አክስት እንዲህ ስትል እምቢ አይባልም። ሚጡ ሄዳ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

የጡረተኞቹ ተራ ደረሰ። መሪው ወደ ኳየሩ በመዞር ፈንታ ማይኩን ያዘ።

«በውድድሩ ደንብ ደራሲው ያልፈቀደው ሥራ አይቀርብም። ይህን ዜማ ሳይለወጥ መዘመር ለማንም የተፈቀደ ነው። እኛ ግን ለውጠነዋል፤ ለለወጥነውም ፈቃድ የለንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሩ ወጣችሁ?» አሉ የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ባለመነጽር ሴት። አዳራሹ ሳቀ።

«እውነቱን ልናገር።» ሙሉውን ገጽ ከነግርጌው ለሰብሳቢዋ ሰጣቸው። «የደራሲዋ ስም ይኸው። እኔ ሳባዛው ቆርጬ ጣልኩት። ስሙ የጠፋበትን ወረቀት አንድ ስቱዲዮ አግኝቶ የኔ ነው አለ፤ እሷም በገዛ ዜማዋ ሌባ ተባለች። ከወረቀቱ ላይ እንደሚያዩት ይህ ረጅም ድምፅ አይቆረጥም። ትንፋሹን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ለእኚህ ሰው ሳንባ ብዬ። የስቱዲዮው ድምፃውያን ግን ጤነኛ ወጣቶች ናቸው። እነሱም እዚችው ቦታ ላይ ይተነፍሳሉ። ለምን? እኔ ከቆረጥኩት ወረቀት ስለገለበጡት ነዋ!»

«ሳንባዬን ሰረቁኝ!» ብለው ጋሼ ነጎድጓድ ከወንበራቸው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የውድድሩ እንግዳ ሆኖ ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠው የስቱዲዮው ባለቤት አንገቱን ደፋ።

ሰብሳቢዋ ገጹን አገላብጠው አዩት። «ሳትለውጡ ዘምሩታ።»

«ጋሼን ትተን አንዘምርም። ትናንት ተመካክረናል። ስሟን መልሰን መውረድ ይበቃናል።»

ሽማግሌዎቹ ኖታቸውን አጠፉ። አክስቷ የጋሼ ነጎድጓድን ክንድ ይዛ ወደ ደረጃው ተራመደች። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሚጡ መቼ እንደተነሣች ሳታውቀው ቆማ ተገኘች።

«ደራሲዋ እዚህ ናት!»

ሰው ሁሉ ዞረ።

«የኔ ልጅ ናት!» አለች አክስቷ ደረጃው ላይ ሆና። «እኔ ነኝ ያሳደግኳት!»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይፈቅዳሉ? እንዳለ ወይስ እንደተለወጠው?»

ሚጡ መሪውን አየችው። እሱም አያት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል አልደፈረም።

«ከነትንፋሹ» አለች።

ዘመሩ። ረጅሙ ድምፅ መጣ፤ ኳየሩ አየር ሲስብ የአዳራሹ ሰው ሁሉ አብሮ ሳበ። ጋሼ ነጎድጓድም ያችን ትንፋሽ ይዘው ተነሡና ግድግዳውን ነቀነቁት። ጭብጨባው ዜማው እስኪያልቅ አልጠበቀም። ዋንጫውን የተቀበለችው አክስቷ ናት፤ ከእጇ ለማስለቀቅ የሞከረውን ሁሉ ተቆጥታዋለች።

የስቱዲዮው ባለቤት ሚጡን መውጫው ላይ አገኛት። «ባለቤት የሌለው መስሎን ነው። መጠየቅ ነበረብን፤ እናስተካክለዋለን» አለ። ቃሉን ጠበቀ፤ አቤቱታውን አነሣ፣ ቅጂው ላይም ስሟን አሰፈረ። ዳይሬክተሯ ደግሞ ልጆቹን ሰብስባ «ይህን ዜማ የደረሰችው የኛ መምህርት ናት» አለች።

ከዚያ በኋላ በነበረው ልምምድ መሪው ከጎማ ጥገናው በላይ ያለው ደረጃ ላይ አስቆማት።

«አንድ ፈቃድ ልጠይቅሽ ነበር።»

«ግርጌውን አንብበሃል?»

«ከላይ እስከ ታች። ሳይጠይቁ ምንም እንደማይለወጥ አውቄአለሁ። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ። ቀሪውን ዕድሜዬን ካንቺ ጋር ልኑር?»

ከታች መዶሻው ቆመ። ጎማ ጠጋኙ ሳይቀር ጆሮውን ጥሏል። ከበሩ ጀርባም ኳየሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጧል።

«አስብበታለሁ» አለች ሚጡ።

«ኧረ ሚጡ!» አለ የአክስቷ ድምፅ ከበሩ ጀርባ። «ጋሼ ሊሞቱብን ነው!»

«እሺ፣ ፈቅጃለሁ» አለች እየሳቀች።

«የጊዜ ገደብ አለው?»

«የለውም።»

ኖታው ዛሬም ድረ ገጹ ላይ አለ፤ የፈለገ በነፃ ይወስደዋል። ስሟ ከግርጌ ተነሥቶ ማንም ፎቶ ኮፒ የማይቆርጠው ቦታ፣ ከርዕሱ ጎን ተቀምጧል። ከረጅሙ ድምፅ በላይ ደግሞ አንዲት አጭር መስመር ተጨምራለች፦ እዚህ ላይ ተንፍሱ፤ በጋሼ ነጎድጓድ ፈቃድ።