ሁለተኛው ስንጥቅ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ አንድ ክረምት ሲቀረው፣ ከኮረብታው ግርጌ ባለችው ከተማ የመንግሥት የእህል ጎተራ ተመረቀ። ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ጠባብ መስኮቶችና ጋሪ ከነጭነቱ የሚያስገባ የብረት በር ነበረው፤ ሹማምንቱም ክፉ ቀን ቢመጣ ሕዝቡ የሚበላው ከዚህ ነው ይሉ ነበር። የሠሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው «የግንበኞች አለቃ» የሚል ማዕረግ ያለው፣ ንግግሩ የተመጠነ፣ በሹማምንት ፊት ወንበር የሚሳብለት ሰው ነበር፤ ታናሽየው ደግሞ ቆፍሮ መሠረት ከመጣል በቀር ሌላ የማይሆንለት፣ ጭቃ ከጥፍሩ ሥር የማይለቀው፣ ሰው ሁሉ «መሠረት ጣዩ» የሚለው ዝምተኛ ነበር።

ጦርነቱ በጀመረ በዓመቱ፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ የጎተራው የምሥራቅ ግንብ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ተተረተረ። ዝናቡ ገባ፤ ስንዴው በጆንያው ውስጥ በቅሎ ሸተተ። ያን ዓመት ከተማዋ ተራበች፤ ከሞቱትም ሕፃናት ይበዙ ነበር። ምድር አልተንቀጠቀጠችም፤ መብረቅም አልወደቀም፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ሰው መገኘት ነበረበት።

መርማሪ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢውም ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ነበሩ።

«አለቃ፣ ግንቡ የእርስዎ ሥራ ነው። መሠረቱስ?»

«የወንድሜ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጥፋቱ ከየትኛው ነው?»

አለቃው ወደ ወንድሙ አላየም። የእነዚያን ሕፃናት ሞት ተሸክሞ በከተማዋ መንገድ መሄድ እንደማይችል ያውቅ ነበር። «እንዲህ ያለ ግንብ የሚሰነጠቀው መሠረቱ ሲከዳው ነው» አለ፤ ያን ጊዜ እውነት መስሎት ነበር፤ ቢያንስ እንዲመስለው ፈልጎ ነበር።

«ጋሼ፣ ጉድጓዱን እኮ አብረን ወርደን አይተነዋል» አለ ታናሽየው። «ዐለት ላይ ነው የጣልኩት።» ጉባኤው ግን በታናሽየው ላይ ፈረደ።

የሥራ ፈቃዱን ተቀማ። ሚስቱን ገበያ ውስጥ ተፉባት። በሳምንቱ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው፣ ሕፃን ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ወደብ ከተማ ሄዱ፤ ለመሸኘት የወጣ አልነበረም።

አለቃው ግንቡን እንደገና አቆመ። መሠረቱን ለሌላ አላመነም፤ ራሱ እስከ ደረቱ ወርዶ፣ ዐለቱን ጠርቦ ጣለው። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ግን እዚያው ቦታ ላይ ክር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ፤ ክሩም ሰፍቶ ጣት የሚያስገባ ሆነ። ቀድሞ ያየው እሱ ነበር። ቁጢጥ ብሎ ጣቱን ሰደደበትና ብዙ ቆየ፤ ወንድሙ እንዳላጠፋ ያን ጊዜ ዐወቀ። ኮሎኔሉ በሕይወት ነበሩ፤ ቤታቸውም ከጎተራው ብዙ አይርቅም ነበር። አለቃው ኖራ አስመጣና ስንጥቁን በራሱ እጅ ደፍኖ ቀለም ቀባው። ከዚያ ወዲያ በየበጋው ይደፍነው ነበር።

«ለወንድምህ ላክበት እንጂ» አለችው ሚስቱ፣ አንድ ቀን እጁን ኖራ ፈጅቶት ሲገባ።

«ምን ብዬ?»

«ያየኸውን ብለህ።»

«እልክበታለሁ» አለ። ሳይልክ ሚስቱ ሞተች፤ እሱም አረጀ።

ሰው ጨረቃ ላይ ሊወጣ ሽር ጉድ በሚልበት ዘመን፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች የሥነ ምድር ተመራማሪ ከጎተራው ግንብ ሥር መለኪያዋን ተከለች። አለቃውም ምርኩዙን ይዞ ቀረበ።

«አባባ፣ ይህን ግንብ የሚጠግነው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ለምን እንደሚሰነጠቅ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

ሁለት መዳፎቿን ገጥማ አንዱን በሌላው ላይ አንሸራተተች። «የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ በትላልቅ ገበታዎች የተከፋፈለ ነው። ከሥር ያለው ዐለት ጠጣር ቢሆንም ከሙቀቱ የተነሣ በጣም በዝግታ ይፈሳል፤ ገበታዎቹም በእሱ ላይ ይሄዳሉ። በውቅያኖስ መካከል አዲስ ወለል ይወለዳል፤ ያረጀው ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥም የቀረውን ይጎትተዋል። እዚህ ቦታ ሁለት ገበታዎች ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። ጎተራው አንድ እግሩ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ላይ ነው።»

«መሬቱ ሳይንቀጠቀጥ?»

«ሌላ ቦታ ተያይዘው ይቆዩና በአንድ ጊዜ ሲላቀቁ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ግን ቀስ ብለው ይንሸራተታሉ፤ የጥፍር ዕድገት ያህል ነው። ማንም ቢሠራው መሰንጠቁ አይቀርም ነበር፣ አባባ። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ሽማግሌው ግንቡን ተደግፎ አለቀሰ። ተመራማሪዋ እፎይ ያለ መስሏት ወደ መለኪያዋ ተመለሰች።

በማግስቱ በባቡር ወደ ወደቡ ሄደ። ወንድሙን የጀልባ ቀዳዳ በዝፍት ሲደፍን አገኘው፤ ጠጉሩ ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ» አለ ታናሽየው፤ ተነሥቶም መቀመጫውን ለቀቀለት።

አለቃው ስለ ገበታዎቹ የሰማውን ሁሉ ነገረው። ታናሽየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«እኔ እንዳላጠፋሁማ ዱሮም አውቃለሁ» አለ። «እርስዎ መቼ ዐወቁ?»

ትናንት ነው ማለት ይቻል ነበር፤ የሚያጋልጠው ሰው በሕይወት አልነበረም። «ራሴ የሠራሁት የተሰነጠቀ ጊዜ» አለ አለቃው። «ከሄድክ ገና ሦስት ዓመት አልሞላህም ነበር።»

ታናሽየው ወደ ባሕሩ ዞረ። «ልጄ አባቱ ሕፃናት ያስራበ ሰው ነው እየተባለ ነው ያደገው። አሁን ራሱ ልጆች ወልዷል። ምድሪቱን ምን እላታለሁ፣ እሷ አታውቅም። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር፣ ጋሼ።»

የታናሽየው ሚስት ውሃ አመጣች፤ አለቃው ጠጣ። እደር ያለው የለም፤ ሂድም ያለው የለም። በማታው ባቡር ተመለሰ።

የቀረውን ጉልበት በከተማው ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ጨረሰው። የወንድሜ ስም ይታደስልኝ ቢል፣ አንድ ትሑት ሹም ጉባኤው ከፈረሰ ዘመን መሆኑን፣ ኮሎኔሉም መሞታቸውን፣ ውሳኔውን የሚሽር አካል አለመኖሩን አስረዳው። በዓመቱ አለቃው ሞተ። ታናሽየው ለቀብሩ መጥቶ ከኋላ ቆመ፤ አፈር ሲመለስም ማንንም ሳያናግር ሄደ።

ጎተራው ዛሬም አለ። ተማሪዎች እየመጡ ስንጥቁን ይለካሉ፤ ፎቶግራፉ በመማሪያ መጻሕፍት ታትሟል፤ ከሥሩም ግንቡን ያቆመው የግንበኞች አለቃ ከነማዕረጉ ተጠቅሷል። ስለ ወንድሙ የሚናገረው የመርማሪው ጉባኤ ውሳኔ ብቻ ነው፤ በእሱም መሠረት እስከ ዛሬ ድረስ ጎተራው የተሰነጠቀው በመሠረት ጣዩ ቸልተኝነት ነው።