የሁለት እህቶች የደሴት ጉዞ

በዚያ ማክሰኞ ቀን፣ ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጥታ፣ ሰውም እንደ ወትሮው ወደየሥራው በተሰማራበት ሰዓት፣ የዚያን ቤተሰብ ዕድል ለዘለዓለም የሚለውጥ ነገር ሆነ፤ ትልቋ እህት መጽሐፍ ገዛች።

መጽሐፉ የጉዞ መመሪያ ነበር። በሞቃት ባሕር መካከል ስላለች አንዲት ደሴት፣ የት እንደሚታደር፣ የትኛው ዳርቻ ለዋና እንደሚመች፣ ኮኮነት ዛፍ ሥር ለምን መተኛት እንደማይገባ ሳይቀር ይናገራል። ትልቋ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ መርከብ ላይ ልሠራ ብሎ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ እሷ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ደሴቷ ላይ ሊጠብቀኝ ነው፤ ትኬት ይልክልኛል» ትላለች። ምን ታድርግ? የተተወች ከምትባል የምትጠበቅ ብትባል አይሻላትም?

ትንሿ ፀጉር ሠሪ ናት። እህትማማቾቹ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ፊት ለፊት በተሠሩ ሁለት ቤቶች ይኖራሉ፤ በመካከል፣ ከጓሮ በኩል፣ የእናታቸው ክፍል አለ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋን ጉንፋን የሚይዛት ከፍቅር የተነሣ አልነበረም፤ ከቅናት እንጂ! ትልቋ የወተት ጥርሷ ሲነቀል ትንሿ ደህናውን ጥርሷን ስትነቀንቅ ዋለች ይባላል። ስለዚህ ሳምንት ሳይሞላ ትንሿም ያንኑ መጽሐፍ ገዝታ እናታቸው ክፍል፣ ምሳ ላይ፣ ከች አለች።

«የኔ አዲሱ እትም ነው» አለች ገጹን እየገለጠች። «አንቺ የመረጥሽው ሆቴል ፈርሷል፣ እመቤቴ።»

«ፍርስራሹን አያለኋ።»

«እኔ እንኳ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ ክፍል ነው የመረጥኩት።»

«ባሕሩስ አንቺን ሲያይ ምን ይል ይሆን?»

«ኧረ ተዉ!» አለች እናት። «ደሴት አይደለም እንዴ? በየትም በኩል ቢያዩት ባሕር ነው።»

እውነቱን ለአንባቢ እንንገረው፤ ትንሿ የምትሠራበት ፀጉር ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። በየማለዳው ቦርሳዋን አንጠልጥላ የምትወጣው ሰው እንዲያያት ብቻ ነበር። እንኳን ለአውሮፕላን፣ ለአውቶቡስ ሳንቲምም ታስባለች። ግን ቃል ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከደሴቷ ዛጎል እንዲያመጡለት አዝዟል። ማን ቀድማ «ቀርቻለሁ» ትበል?

እናት የስኳር በሽተኛ ናት። ኢንሱሊኗን ጠዋት ትልቋ፣ ማታ ትንሿ ይወጓታል። «ማን ይቅር?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ትልቋ ወደ ትንሿ፣ ትንሿ ወደ ትልቋ ጠቆሙ። «ሁልጊዜ እኔ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ምስኪን እናት! አንዷን «ቅሪ» ብትል ያቺ እስከ መቃብር ድረስ እንደምትቀየማት ታውቃለች። ስለዚህ ፈገግ ብላ፣

«ሁለታችሁም ሂዱ፣ ልጆቼ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ራሴ እወጋለሁ» አለች።

ዓይኗ ግን ደህና አልነበረም…

እሑድ ጠዋት እህትማማቾቹ በር ላይ ተሳሳሙ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ሳይሆን አየር ለአየር። በሁለት ታክሲ፣ ወደ ሁለት አቅጣጫ ሄዱ። ከቀትር በኋላ፣ እናት ጋደም ባለችበት ሰዓት፣ ትልቋ ሻንጣዋን እንደ ሌባ ታቅፋ ተመልሳ ቤቷ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ትንሿም እንዲሁ አደረገች። አልተያዩም። ትልቋ ምድጃ ብለኩስ ሽታው ያጋልጠኛል ብላ ደረቅ ብስኩት እየቆረጠመች፣ «ይኸኔ እሷ ባሕር ውስጥ እየተንቦራጨቀች ነው» እያለች በቅናት ታርር ነበር። ትንሿም ከወዲያ ማዶ፣ «ይኸኔ ባሏ ሻንጣዋን ተቀብሏት ይሆናል» እያለች ታለቅሳለች። በመጋረጃ ቀዳዳ አንዷ የሌላዋን ቤት ባዶ ነው ብላ እያየች!

በማግስቱ እናት ወንበር አውጥታ ግቢው መካከል ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ትልቋ ትታው የሄደችው አሮጌ እትም አለ። ትልቋ በመጋረጃው ሥር አንገቷን አሰገገች። «የኔን ሆቴል ነው የምታየው ወይስ የሷን?» ብላ እዚያም ሆና ቀናች። እናት ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጣ አንዱ ላይ ቆመች፤ በመዳፏም ቀስ አድርጋ ዳበሰችው።

«ይኸውና ባሕሩ» አለች። «ልጆቼ እዚህ ናቸው።»

ትልቋ መጽሐፉን በቃሏ ታውቀዋለች። ያ ሰማያዊ ገጽ የመጨረሻው ነው፤ የሻንጣ ቁልፍ ማስታወቂያ። እማዬ አታይም! እንግዲያው ዛሬ ጠዋት የመርፌውን ልክ ማን አየላት?

ያን ጊዜ መጽሐፉ ከእናት ጭን ወደቀ። ቀጥሎም እናት እንደተጣለ ልብስ ከወንበሩ ተንሸራታ መሬት ላይ ተዘረጋች።

ትልቋ መድኃኒቱ በዝቶባት ነው ብላ ስኳር በጥብጣ በሩ ጋ ደረሰች። እጇም ቁልፉ ላይ ቆመ። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ልብስ ስታጥብ ይሰማል። «አሁን ትወጣለች… አሁን ታያታለች…» ከወዲያ በር ጀርባም ሌላ ብርጭቆ በሌላ እጅ ተይዞ ይጠብቅ ነበር፤ ሐሳቡም ያው ነበር። ቅናት ሆይ! ለእናት ጣር እንኳ ወረፋ ታስይዛለህ?

ጎረቤት አልወጣችም። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ።

አንዷ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ሌላዋ ፀጉሯን ጠቅልላለች። ትልቋ የእናቷን ራስ ደገፈች፣ ትንሿ አጠጣቻት፤ ጣፋጩ ውሃ ግን በአገጯ ወርዶ አንገቷን አራሰው። «እማዬ! እማዬ፣ ዋጪው!» ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ደረሰ። ሁለቱን አዩ፣ ነጠላ ጫማውን አዩ፤ ስለ ዛጎል የጠየቀ አልነበረም።

ሰው ዕድሉን ይረግማል። ዕድል ግን ምን አደረገች? ሁለት በር፣ ሁለት ቁልፍ፣ አንዲት እናት ሰጠች፤ ቁልፉ ላይ የቆመው እጅ የማን ነበር?

ሆስፒታል ካደረሷት በኋላ ሐኪሙ ከክፍሉ የወጣው ብዙ ሳይቆይ ነው። መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶም አላደረገውም። ኮሪደሩን የሞላው ጎረቤት ነጠላውን አዘቀዘቀ።

«ስትወድቅ አብሯት ማን ነበር?» ሲል ሐኪሙ ጠየቀ።

ትንሿ መሬት መሬቱን አየች። ትልቋ እጇን ዘርግታ የእህቷን እጅ ያዘች።

«ሁለታችንም» አለች። «ሁለታችንም ቤት ነበርን።»