አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ በወለሉ በር

ሽማግሌው አናጢ የሞተው እግሩ በምድር ቤቱ ደረጃ፣ ራሱ በወርክሾፑ ወለል ላይ ሆኖ ነው። በሞተር የሚከፈተውና የሚዘጋው ከባዱ የወለል በር መሀል ደረቱን ጨፍልቆታል። መርማሪዋ ሸራውን ገልጣ አየች፤ መልሳ ሸፈነችው። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሾህ» ይሏታል። ዛሬ ግን ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ነው ደሟ የፈላው። አለቃዋ በስልክ፣ «ነገሩ ያለቀለት ነው። ሽቦውን የገጠመውን ኤሌክትሪሺያን ይዘነዋል፤ እስከ ምሳ ሰዓት ፈርመሽ ላኪልኝ» ብሏታል። ሬሳው ሳይነሳ ጥፋተኛው ተገኝቷል ማለት ነው!

ከወለሉ በር ጉድጓድ አራት እርምጃ ርቆ ግድግዳው ላይ ሁለት ነጫጭ ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ላይ ወደ ላይ፣ ሌላው ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ተስሏል። በር የሚጠብቀው ፖሊስ፣ «ገልብጦ ነው የገጠመው። ላይ ሲሉት ታች ይሄዳል» አላት፤ እንደ ትልቅ ግኝት።

ኤሌክትሪሺያኑ እጁ በካቴና ታስሮ ጓሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰፈሩ የሚያውቀው «ቋጠሮ» በሚል ቅጽል ስም ነው።

«ገልብጠህ ነው የገጠምከው?»

«ኢንስፔክተር፣ ትናንት ከሰዓት አሥር ጊዜ ሞክሬ ነው ያስረከብኩት። ደግሞስ ቢገለበጥ? ጣት ካነሱለት እኮ ይቆማል! በሩ የሚሄደው ቁልፉን እስከተጫኑት ድረስ ብቻ ነው።»

«ሌላስ?»

«መስመራቸው ደካማ ነው። በሩና የጣውላ መሰንጠቂያው ማሽን እኩል ከተነሱ ብሬከሩ ይወድቃል፣ የቤቱ መብራት በሙሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ ብዬ ለጋሼም፣ ለባለቤታቸው ለእትዬም፣ ለቫርኒሽ ቀቢዋም ነግሬያለሁ። የጋሼ ታናሽ ወንድም ብቻ ትናንት አልነበሩም።»

«ቋጠሮ የሚሉህ ለምንድን ነው?»

ሰውየው አፈረ። «የሽቦ ቀለም አላምንም። ወደ ላይ በሚያስኬደው ሽቦ ላይ በክር አንድ ቋጠሮ፣ ወደ ታች በሚያስኬደው ላይ ሁለት አስራለሁ። ይስቁብኛል።» ከዚያ ካቴናውን አየ። «ልጆቼ አባታችሁ ሰው ገደለ ሊባሉ ነው?»

መርማሪዋ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰች። መፍቻ ተውሳ የቁልፎቹን ሳጥን ከፈተች፤ አየች፤ መልሳ ገጠመችው።

የሟች ሚስት ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ነበረች፤ ደንበኛውም መስክሮላታል። «ድምፁን ሰምቻለሁ» አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች። «ቃሉን ግን አልያዝኩትም፤ የሱቁ በር ተዘግቶ ነበር። ሠራተኛ የሚጠራ መስሎኝ ዝም አልኩ። ደንበኛው ሲሄድ ገብቼ ነው… ያኔውኑ ብሄድ ኖሮ!»

«ራስዎን አይውቀሱ» አለቻት መርማሪዋ፤ ግን ማጽናናት አታውቅበትም።

ቫርኒሽ ቀቢዋ ብቻዋን የኋላ ክፍል ውስጥ ነበረች። እጇ እስከ ክርኗ በቫርኒሽ ተለውሷል፤ የነካችው ሁሉ ላይ አምስት ጣቷ ቀርቷል። አላለቀሰችም፤ ተናዳለች።

«ጋሼ ዛሬ ያንን ጣውላ ሊያወጡት ነበር የወረዱት» አለች።

«የትኛውን?»

«ነቀዝ የበላውን። ታናሽየው በቀለም እያስሸፈነኝ ለሕፃናት አልጋ ሲሸጠው ከርሟል። አንዱ አልጋ ተሰብሮ የአንዲት ሕፃን ክንድ ተሰበረ። ጋሼ ትናንት ሰምተው፣ ‹ጣውላውን ይዤ እናቷ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ወንድሜም ከዚህ ቤት ይወጣል› አሉኝ።»

«ጠዋት መብራት ጠፍቶብሽ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ቦግ እንዳለ ነው የዋለው።»

ታናሽ ወንድሙ ቅንድቡ ሳይቀር ሰጋቱራ ለብሶ፣ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። «እኔማ ጓሮ ጣውላ ስሰነጥቅ ነበር። ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አላረፈም፤ ምኑን እሰማዋለሁ? ያ ሰካራም ነው ወንድሜን የበላው!»

«ይጠጣል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ… ይመስላል።»

 የሰው ስም በ«ይመስላል» ሲቀበር ማየት ከሬሳው ይልቅ መርማሪዋን አንገበገባት።

ሬሳው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ሁሉንም በጉድጓዱ ዙሪያ አቆመቻቸው። አለቃዋም ፊርማውን ሊያስቸኩል በራሱ እግር መጥቶ ነበር፤ ሰዓቷን ፈትታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይቁጠሩልኝ» አለችና በሩን እስከ ጫፍ ከፍታ፣ ወደ ታች የሚያስኬደውን ቁልፍ ተጫነች። ሞተሩ እያቃሰተ በሩ ወረደ።  የሰው ደረት ሊደርስ በሚችልበት ከፍታ ላይ ጣቷን አነሳች፤ ቆመ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ አለቃዋ፤ ድምፁ ቀንሷል።

«አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ! ሟቹ ደረጃ ላይ ሆኖ ቁልፉ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ሌላ ሰው ተጭኗል። ሽቦው ቢገለበጥ እንኳን የተሳሳተ ሰው በሁለተኛው ሰከንድ ጣቱን ያነሳል። ይሄኛው ግን ሰው እየጮኸ አላነሳም። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ግድያ ነው።»

«ታዲያ ሽቦው ለምን ተገለበጠ?» አለ አለቃዋ።

«ስሕተት እንዲመስል ከሞቱ በኋላ ነው የተገለበጠው። ኤሌክትሪሺያኑ አንድ ቋጠሮ ያሰረበት የላይኛው ሽቦ አሁን የታችኛው ቁልፍ ላይ ነው ያለው። ለሽቦዎቹ ምልክት አስሮ መልሶ እሱኑ የሚሳሳት ሰው የለም። የገለበጠው ሰው ክሩን ከቁብ አልቆጠረውም። እትዬ ከደንበኛ ጋር ነበሩ። ቀቢዋ ብትጫነው ኖሮ ቁልፉ ነጭ ሆኖ አይቀርም ነበር።»

«እጇን በቤንዚን ብታጸዳስ?» አለ አለቃዋ።

«ደግ። እንግዲያው ማሽኑን እንጠይቀው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «ሂድ፣ አስነሳው።» እርስዎ ማለቷን ትታለች።

ማሽኑ ጓሮ አጓራ። ቁልፉን ተጫነች። ብሬከሩ ቷ አለ፤ ማሽኑም፣ መብራቱም፣ ሞተሩም ባንድ ላይ ጸጥ አሉ። ታናሽየው ተመልሶ ገባ።

«ጠዋት ቀቢዋ ጋ መብራት አልጠፋም። ስለዚህ በሩ ሲወርድ ማሽንህ ጠፍቶ ነበር። አንዴም አላረፈም ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«ለ… ለትንሽ ጊዜ አጥፍቼው ነበር፤ ውሃ ልጠጣ…»

«ጠፍቶ ከነበረ ጓሮው ጭር ብሏል። የወንድምህ ሚስት በተዘጋ በር የሰማችውን ድምፅ አንተ ከአሥር እርምጃ አልሰማህም?»

 ታናሽየው ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ።

መርማሪዋ ካቴናውን ከቋጠሮ እጅ ፈታች። ቋጠሮ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ። እሷ ካቴናውን ታናሽየው እጅ ላይ አጠለቀች።

ሚስቲቱ ቀስ ብላ መጥታ ታናሽየው ፊት ለፊት ቆመች። «ምን ብሎ ነበር የጮኸው?» አለችው። «እኔ ቃሉን አልሰማሁም።»

ታናሽየው ቀና ብሎ አላያትም።

«‹ተሳስተሃል ወንድሜ፤ የላይኛውን ተጫን› ነው ያለኝ።»

መርማሪዋ ሽቦውን የመገልበጡ ሐሳብ ከየት እንደመጣለት ያኔ ገባት።

«ይህን ስንት ጊዜ አለህ?» አለች ሚስቲቱ።

«ትንፋሹ እስኪያልቅ።»