የአንባቢዋ ሾርባ

ትንሿ ሲስተር የሞተችው ለማኅበሩ የቅዱሳንን ገድል አንብባ ጨርሳ፣ የራሷን ምሳ ለመብላት በተቀመጠችበት ነው። ሲያገኟት ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ነበር። አንድ እጇ ጉሮሮዋን ይዟል፤ ሌላው ማንኪያውን አልለቀቀም። ሌሎቹ ሲስተሮች በልተው ወደ ጸሎት ቤት ሄደው ስለነበር ድምፅ የሰማ የለም። ሐኪሙ እንዳለው ቢሆን ደግሞ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም፤ ጉሮሮዋ አብጦ ተዘግቷል። በሳህኗ ውስጥ ከቀረው ሾርባ የተፈጨ ኦቾሎኒ ተገኘ። ከትልቁ ድስት ግን ምንም አልተገኘም።

ኦቾሎኒ እንደሚገድላት በዚያ ትምህርት ቤት የማያውቅ አልነበረም። ወላጆቿን አጥታ እዚያው አዳሪ ሆና ስታድግ፣ አንድ ቀን የኦቾሎኒ ከረሜላ ቀምሳ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ በግቢው በር ኦቾሎኒ አይገባም፤ ወጥ ቤቷም ስትቀጠር ይህንኑ በመስቀል ምላለች። ፖሊሶች ግን ከጨው ከረጢት ጀርባ የተሸሸገ የኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ አገኙ። ይባስ ብሎ ወጥ ቤቷ ቂም ነበራት። ልጇ በዚህ መጸው የመጀመሪያ ክፍልን እንድትደግም የወሰነችው ትንሿ ሲስተር ናት። «የእጅሽን ይስጥሽ!» ስትላት ግቢው በሙሉ ሰምቷል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ከግቢውም አልፎ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከዋናው መምሪያ የተላከውን መርማሪ ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሊነቅፉት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

«ያለቀ ነገር ነው» አለው የጣቢያው አዛዥ፣ በር ላይ የቆመውን መኪና እያሳየ። «ሴትየዋም ‹እጄ ነው የገደላት› ብላለች። እኔ መቼም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ነኝ። እኩለ ቀን ላይ እወስዳታለሁ።»

«ልጇስ?»

«ክፍል ውስጥ ናት። እስካሁን የነገራት የለም።»

«እንግዲያው እስከ እኩለ ቀን ታገሠኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም?»

መመገቢያ ክፍሉ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የማንበቢያ አትሮንስና ወደ ግቢው ዛፎች የሚያይ መስኮት ነበረው። ከዛፎቹ ቅጠል ይረግፋል። ሞት ቢመጣም ቅጠሉን የሚጠርግ አልጠፋም፤ ልጆቹ በየክፍላቸው ጮክ ብለው ያነባሉ። የማኅበሩ እናት፣ ርዕሰ መምህርቷም እሳቸው ናቸው፣ ዓይናቸው ቢቀላም ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ቆመው ነበር።

«ምሳ በዝምታ ነው» አሉት። «አንዷ ቆማ ታነባለች፣ እኛ እንበላለን። አንባቢዋ የምትበላው ሁላችንም ከተነሣን በኋላ ነው። በየሳምንቱ እንፈራረቃለን፤ ይህ ሳምንት የሷ ነበር፤ ትናንት የመጀመሪያ ቀኗ ነው።»

«እስከዚያ ሾርባዋ የት ይቆያል?»

«እዚህ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ተከድኖ። ከእማማ አጠገብ።»

እማማ የሚባሉት የማኅበሩ ትልቅ እናት ናቸው። የሠፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ሟቿንም ነፍስ ካወቀችበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደጉ እሳቸው ናቸው።

«በምሳ ሰዓት ሳህኗን የነካ አላዩም?»

«ደንባችን ዓይናችንን ከየራሳችን ሳህን እንዳናነሣ ያዛል። የሰው ማዕድ ማየት ነውር ነው።»

«ክፍል ሙሉ ምስክር ተቀምጦ አንድም ያየ የለም ማለት ነው» አለ አይቸኩሌ። እናቲቱ ሲሰቀቁ አየና በቀልዱ አፈረ።

ብቻውን ሲቀር የጠረጴዛውን ጨርቅ ጎንበስ ብሎ መረመረ። ከእማማ ቦታ ተነሥቶ የአንባቢዋ ሳህን እስከሚቀመጥበት ድረስ የሾርባ ጠብታ ተከታትሏል። ከአዲሱ ጠብታ ሥር በእጥበት የደበዘዘ ሌላ ጠብታ ነበር፤ መንገዱ ያው ነው።

የሒሳብ አስተማሪዋን ሲስተር ያገኛት ጸሎት ቤቱ በረንዳ ላይ መቁጠሪያዋን ጨብጣ ስታለቅስ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ለቅሶው አልተስማማትም።

«ቀናሁባት ብዬ ልንገርዎት» አለችው ሳይጠይቃት። «ልጆቹ ከኔ ቁጥር የሷን ፊደል ይወዱ ነበር። ይጻፉት።»

«ቅናትን ብጽፍ ወረቀት አይበቃኝም። ከሷ በፊት አንባቢ ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ። ባለፈው ሳምንት።» በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «አንባቢነት እኮ ጥቅም አለው። የሌላው ሾርባ መስታወት ነው፣ ፊት ያሳያል። የአንባቢ ግን ሞላ ያለ፣ ቅባት ቅባት የሚል ነው። ሳምንቴን ስጨርስ ቀበቶዬን አላላሁ። ‹ወጥ ቤቷ ለገድል ታደላለች› እያልኩ አስቃቸው ነበር።» ፈገግታዋ ጠፋ። «ትንሿ ግን ጉንፋን ይዟት ነበር። ሽታም ጣዕምም አትለይም ነበር።»

ወጥ ቤቷ ከምድጃው አጠገብ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል።

«ለአንባቢ ታደያለሽ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«እኔ? ለሁሉም በአንድ ጭልፋ ነው የምቀዳው፣ ጌታዬ። ማንም ያልቅስ ማንም ይሳቅ።»

«ብልቃጡስ?»

«መድኃኒት ነው።»

«የማን?»

«ብነግርዎት ሌላ ሰው ይሞትብኛል። አንድ አይበቃም?» አለች።

«ታዲያ ለምን ‹እጄ ገደላት› አልሽ?»

«ሌላ ምን ልበል? ብልቃጡን ያስገባሁት እኔ። ትናንት ልጄ አተኩሷት ነበር፣ ልቤ እሷ ዘንድ ነበር። ሳህን ተምታቶብኝ ቢሆንስ? ደግሞም ረግሜያታለሁ። እርግማኔ ይደርሳል ብዬ መች አሰብኩ? ልጄ እኮ ማንበብ ስላልቻለች ነው የደገመችው። እውነቷን ነበር!»

አይቸኩሌ ወደ መደርደሪያው ዞረ። አንድ ዓይነት ሸክላ ሳህኖች ተደራርበዋል። ከጎናቸው ባለ ሁለት ጆሮ የእንጨት ሳህን ለብቻው ተቀምጧል።

«ይኼኛውስ?»

«የእማማ ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሌላ አይዙም።» ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። «ግን ይበላሉ፣ እግዜር ይመስገን። ሳህናቸው ተልሶ ነው የሚመለሰው።»

ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣው። ከታች ጥቂት ብቻ ቀርቷል።

እማማ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ከትምህርት ቢሮ አስተማሪ እስኪመደብ ልጆቹን እየጠበቁ። የትንሿ ሲስተር የመጨረሻ ፊደል ሰሌዳው ላይ አለ፤ የሚያጠፋው ሰው አልተገኘም። ልጆቹ የወደቀ ቅጠል ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ ይከተላሉ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እማማን በሹክሹክታ «እናቴ ዛሬ ምሳ ትሠራለች?» ስትላቸው ሰማ። እማማ ራሷን ዳሰሱት። የዳሰሱበት እጅ አጥንት ነው። የማኅበሩ ቀለበት ከጣታቸው እንዳይወልቅ በክር ተጠቅልሏል፤ ክሩ ገና አዲስ ነው።

«እህል ቀምሰሃል ልጄ?» አሉት።

«ገና ነኝ እማማ። እርስዎስ ይበላሉ?»

«እኔ ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም» አሉና ወደ ልጆቹ ዞሩ።

አይቸኩሌ ወደ በረንዳው ወጣ። ነገሩ ገብቶታል። በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስቼ በሆነ ብሎ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተመኘ። ነገር ግን እውነቱን ቢውጠው ያቺ ልጅ እናቷን ታጣለች።

ከእኩለ ቀን በፊት ሁሉንም በመመገቢያ ክፍሉ ሰበሰባቸው። የማኅበሩ እናት፣ የሒሳብ ሲስተሯ፣ ወጥ ቤቷ፣ እማማ፣ አዛዡና የትምህርት ቤቱ ቄስ አባ ተቀመጡ። እሱ ቆመ።

«ከብልቃጡ ልጀምር» አለ። «ለመግደል አንድ ማንኪያ ይበቃ ነበር። ይህ ግን ሊያልቅ ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት ኦቾሎኒ በየቀኑ የሚቀመጥለት ሰው ነበር፤ ‹መድኃኒት ነው› ያለችው ወጥ ቤቷም አልዋሸችም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ማን ነው? እየከሳ ያለ ሰው። ቀለበቱ በክር የታሰረ ሰው።»

ወጥ ቤቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «በእመቤቴ ይተዉት ጌታዬ።»

«አልችልም እህቴ። ሳህን ተምታታብኝ ብለሽ ራስሽን ስትከስሺ አደርሽ። ሊምታታብሽ አይችልም። የእማማ ሳህን እንጨት ነው፣ ባለ ሁለት ጆሮ፤ በጨለማም ይለያል። ቅቤውን የጨመርሽው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ወደ ትንሿ ሲስተር ሳህን ምን አሻገረው?» አለ አዛዡ።

«እኔንም ያደናገረኝ እሱ ነው። የእማማ ሳህን ተልሶ ይመለሳል፤ እማማ ግን ይከሳሉ። ምግቡ ወዴት ይሄዳል? ወጥ ቤቷ በአንድ ጭልፋ እየቀዳች የአንባቢ ሾርባ ለምን ሞላ? ሲስተር፣ ቀበቶዎን ያስላላዎት የወጥ ቤቷ አድልዎ አይደለም። ጨርቁን እዩት። ጠብታው ከእማማ ቦታ ተነሥቶ የአንባቢዋ ሳህን ላይ ያበቃል፤ የትናንትም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም። ማንም አላየም፤ ደንባችሁ አያሳይምና።»

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም።

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ። ድምፃቸው ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው የጠራ ነበር። «የመቁጠሪያ ጸሎት የምናደርስበት ወር ከገባ ጀምሮ ምሳዬን ለአንባቢዋ እገለብጣለሁ። ሳህኔን በዳቦ እጠርገዋለሁ። ስትጾም ሰው አይወቅብህ ነው የተባልነው። ትናንት እየሳለች ስታነብ አንጀቴን በላችው። ሌላ ጊዜ ትንሽ አስቀርቼ እቀምስ ነበር፤ ለሷ ግን ጠብታ አላስቀረሁም።» ወደ ወጥ ቤቷ ዞሩ። «ምን ጨመርሽበት ልጄ?»

«እማማ፣ ከሱብኝ! እናቴን ከበሽታ ያስነሣት እሱ ነበር። ብነግርዎት በጾሜ ቅቤ አልበላም ብለው ጨርሶ ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። በከሱ ቁጥር እጨምር ነበር!»

ሁለቱም ለሰው አዝነው ተደብቀው ሲሠሩ ትንሿ ሲስተር በመሃል አለፈች። አዛዡ ካቴናውን ኪሱ ከተተና በር ላይ ላለው ፖሊስ ሂድ የሚል ምልክት ሰጠው።

«ወንጀል የለም» አለ አይቸኩሌ፣ ለማጽናናት ያህል።

«ልጄም የለችም» አሉ እማማ።

ከወንበራቸው ለመነሣት ሲታገሉ አባ ደገፏቸው። እማማ ግን አልቆሙም፤ ከአባ እግር ሥር ተንበረከኩ። «አባ፣ ቀኖና ይስጡኝ። የቀረኝን ዕድሜ በውሃና በደረቅ ዳቦ ልግፋው።»

አባም ፊደል የቆጠሩት በእማማ እጅ ነው።

«አይሆንም» አሉ አባ። «ቀኖናዎ መብላት ነው እማማ። የቀረበልዎትን ሁሉ፣ ሳያስቀሩ።»

«አባ፣ አይጨክኑብኝ። ጾሙን ይስጡኝ።»

«መብላት ነው ያልኩት» አሉ አባ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ወጥ ቤቷ ተነሥታ ወደ ምድጃው ሄደች። ስትመለስ ሾርባ ይዛለች። እማማን ከወለሉ አንሥታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጠችና ማንኪያውን እፍ አለችበት። ወደ አፋቸውም አቀረበችው። «አንዴ ብቻ፣ እማማ» አለቻቸው። እማማ እያለቀሱ አፋቸውን ከፈቱ፣ ረጅም ጊዜ ያዙት፣ ከዚያም ዋጡት።