ለማር ጓንት ማን ያደርጋል?

አንቺዬ፣ እስቲ አረፍ በይና ስሚኝ። የሱቁን ሎሽን ጥለሽ ወደ ማርና እሬት ዞረሻል አሉ። ደግ አድርገሻል፤ ፈጣሪ የሠራውን የሚያህል የለም። ብቻ ፈጣሪ በሠራው ላይ ሰው እጁን ሲያስገባበት ምን እንደሚሆን አንድ ነገር ላጫውትሽ፤ ከዚያ ወዲያ እንደፈቀደሽ።

ልብስ ሰፊዋ የሞተችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ቁርስ ሳይደርስ ነው። ቤት ድረስ የመጣው ሐኪም የሞት ወረቀቱን «አልፈርምም» አለ። በዚህ ምክንያት መርማሪዋ ተጠራች። ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች፤ በየማረፊያው ቆም እያለች ጉልበቷን ትለማመጠዋለች። ለጡረታዋ አሥራ አንድ ወር ቀርቷታል። ልጆቿን አሳድጋ ድራለች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሬሳና የሰው ውሸት ስታይ ኖራለች፤ አሁን ከፈጣሪ የምትለምነው ማንም በሰው እጅ ሳይሞት የሚያልፍ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከኋላዋ «እማማ ለምን» ይሏታል። ለምን እንደሚሏት ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

«ኩላሊቷ ነው» አለ ሐኪሙ በሩ ላይ። «ሁለቱም ቀጥ አሉ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ ስኳር የለባት፣ ግፊት የለባት። የሆነ ነገር ሰውነቷ ውስጥ ገብቷል እማማ ለ... ይቅርታ፣ መርማሪ።»

«ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። የደሙ ውጤት መቼ ይደርሳል?»

«ሁለት ሳምንት።»

«እነዚህ ሁለት ሳምንት የሚጠብቁ አይመስሉም» አለች፣ ከውስጥ ጩኸት እየሰማች።

የምትጮኸው የሟቿ ታናሽ እህት ነበረች። «ሌባ! በቁሟ ወርቋን ወስዳ በብር ተካችባት! ቀለበት የሰረቀ እጅ መርዝ ያንሰዋል?»

ጣቷን የቀሰረችው የሟቿ ምራት ላይ ነው። ልጅቷ የስምንት ወር ሕፃን ታቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች፤ እንባ የላትም፤ ያለቀባት ትመስላለች። ባሏ፣ የሟቿ አንድ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከሁለት ወር መንገድ የተመለሰው ከትናንት በስቲያ ነው። በሚስቱና በአክስቱ መሃል ቆሞ ወለል ወለሉን ያያል። እሱም አንድ ነገር ብቻ ተናግሯል አሉ፤ «ልጄን ትተሽ ውጪ።»

መርማሪዋ ሬሳው ያለበት ክፍል ገባች። ተሰረቀ የተባለው ሟቿ ሠላሳ ዓመት ከጣቷ ያላወጣችው የጋብቻ ቀለበት ነው። ወርቅ ነበር፤ አሁን እንደ ማንኪያ ነጥቷል። እጇ በበሽታው አብጦ ብርድ ልብስ ስር ስለከረመ ማንም ልብ አላለውም፤ ዛሬ ጠዋት ገላዋ ሲታጠብ ነው የታየው። መርማሪዋ በሳሙና አድርጋ ልታዞረው ሞከረች። አልነቃነቅ አለ፤ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። የጆሮዋን ወርቅ አየች፤ ቢጫ ነው፤ እንዳለ ነው።

«ይህችስ ምን ዓይነት ሌባ ናት» አለች ለራሷ። «ቀላሉን ጆሮ ትታ የማይወልቅ ጣት ላይ የምትታገል። ለምን?»

ሐኪሙን ቀለበቱን በመቁረጫ እንዲያወጣላት ለመነችውና ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

«ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ። እኔም ልቀመጥ፤ ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።»

«እኔ አልሰረቅኩም» አለች ምራቲቱ።

«እሱን መች ጠየቅኩሽ? ምን ትበላ ነበር?»

«እኔ የምበላውን፤ ከአንድ ድስት። እኔ እኮ የማጠባ ሰው ነኝ፤ መርዝ ባስገባ መጀመሪያ የሚደርሰው ለማን ነው?»

«ምንስ ትቀባ ነበር?»

ልጅቷ ቀና አለች፤ ይህን የጠየቃት ሰው የለም። «የዛሬ ስድስት ወር የሱቅ ቅባት ፊታቸውን አቃጠላቸው። ከዚያ ያለውን ብልቃጥ ሁሉ ሰብስበው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ‹ከእንግዲህ የማልበላውን አልቀባም› አሉ። እዚችው ምድጃ ላይ ማር፣ የሰሊጥ ዘይትና የንብ ሰም አብረን እናቀልጥ ነበር። እሬቱንም እኔው ነኝ የምልጠው። ግን በሳምንቱ ይሻግታል፤ ፊታቸውም ቶሎ አልመለስ አለ። ከዚያ እህታቸው ‹እኔ የተሻለ እሠራልሻለሁ› አለቻቸው።»

«ተሻለ?»

«በወሩ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ጠራ! ጠዋት ማታ ፊታቸውንም እጃቸውንም ይቀቡት ነበር። ይኸው፣ የመጨረሻው ብልቃጥ፤ ሦስት ወሩ ነው።»

መርማሪዋ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ብልቃጡን አንስታ ከፈተችው። ማር ማር ይሸታል። ሻጋታ የሚባል የለበትም። ፀሐይ ላይ ሦስት ወር ተቀምጦ እንደ ወተት ነጭ ነው። ጣቷን ልትነክር ብላ ተወችው።

«ቀለበቱስ?»

«ሳይታመሙ በፊት ነው መንጣት የጀመረው። ‹እኔ ስነጣ ወርቄም አብሮኝ ነጣ› ብለው ሲስቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ይህን ብናገር ማን ያምነኛል?»

«ቀስ በይ። ይቺስ ሕፃን ተቀብታዋለች?»

«ኧረ የለም። ባለፈው ወር አንገቷ ላይ ሽፍ ሲልባት እህትየውን ትንሽ ስጪኝ ብዬ ለምኛት ነበር። ‹ለሕፃን አይሆንም!› ብላ ጮኸችብኝ። በማግሥቱ ከመድኃኒት ቤት የሕፃን ቅባት ገዝታ መጣች።»

«እሷ? የሱቅ ነገር ገዝታ?»

«እኔም ገርሞኛል።»

መርማሪዋ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደረጃውን ወረደች። ምድር ቤት ያለው መድኃኒት ቤት የጎረቤት ነው። ባለቤቱ፣ ባለመነጽሩ ሰውዬ፣ ከሟቿ ጋር ስድስት ወር ተኳርፎ ነበር፤ ፊቷን ያቃጠለው ቅባት ከሱ የተገዛ ነውና።

«እኔን ነው የጠረጠሩት?» አለ ገና ሲያያት።

«ሁሉንም ነው። ጸብ ነበራችሁ አሉ።»

«ጸብ አይባልም። ‹ማር ለዳቦ ነው› አልኳት፤ ‹አንተን ይቀቡህ› አለችኝ። ይኸው ነው። እግሯ ሲያብጥ ግን ሆስፒታል ሂጂ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ! እህትየው ናት ‹ቅዝቃዜ ነው፣ ኬሚካል አያስነካኩሽ› ብላ ያስቀረቻት።»

«እህትየው አንተ ጋ ትመጣለች?»

«አዎ፤ ከዚያ ቤት የቀረችኝ ደንበኛ እሷ ብቻ ናት። ባለፈው ወር ለሕፃኗ ከገዛችው በቀር ቅባት አትገዛም። በየሳምንቱ አንድ ካርቶን ጓንት ትወስዳለች፤ የሐኪም ጓንት።»

«ጓንት ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ? ለጽዳት ነው ትላለች።»

የእህትየው ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ደረጃው ላይ አራት ሴቶች ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፤ የሐዘን ቤት መሆኑን አልሰሙም። ባለቤቲቱ ከሟቿ ቤት ተከትላ ደርሳ መርማሪዋን አስገባቻት። ጠረጴዛው ላይ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በላያቸው በእጅ ጽሑፍ «ንጹሕ የተፈጥሮ» ይላል። ጥግ ላይ የጓንት ክምር።

«በምንድን ነው የምትሠሪው?» አለች መርማሪዋ።

«ማር፣ ሰም፣ ዘይት። ሌላ ምን ይሆናል?»

«አንቺስ ትቀቢዋለሽ?»

«እኔ... ቆዳዬ ደህና ነው።»

መርማሪዋ የሴትየዋን ግራ እጅ አየች። የቀለበት ጣቷ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የነጣ ቆዳ ዙሪያውን ከቦታል።

«ቀለበትሽስ?»

«ጠበበኝ፣ አወለቅኩት።»

ጣቷ እንደ እንጨት የቀጠነ ነው። አንዳንዴ ውሸት ሲሰሙት ያደክማል፤ ሊከራከሩት እንኳ አቅም አይገኝም።

ከሰዓት በኋላ የተቆረጠውን ቀለበት ይዛ ወርቅ ሠሪው ጋ ሄደች። ሽማግሌው ዓይኑ ላይ መነጽሩን ሰክቶ አገላበጠው።

«ብር ነው?» አለችው።

«ብር የወርቅን ያህል አይመዝንም። ወርቅ ነው፤ ታሟል።» ወደ ደጅ ይዞት ወጣ። «ከንፋሱ በላይ ይቁሙ፣ ጭሱን እንዳይስቡት።» እሳቱን አስነክቶ በወረንጦ ያዘው። ትንሽ ቆይቶ ነጩ እንደ ጤዛ ጠፋና ከስሩ ቢጫው ብቅ አለ። «ባዜቃ ነው፤ ሜርኩሪ የሚሉት። ወርቅ ካገኘው ይጠጣዋል። የሰው ሥጋም ያው ነው። ለዘንድሮ ይህ ሁለተኛዬ ነው።»

መርማሪዋ ልትሄድ ከጀመረችበት ቆመች። «የመጀመሪያውን ማን አመጣው?»

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ሁሉም በሟቿ የልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። የስፌት መኪናው ላይ ያላለቀ ቀሚስ እንደተሰካ ነው። ባለመድኃኒቱ በር ላይ፣ ሹፌሩ መስኮት ጋ፣ እህትየው ወንበር ላይ። ምራቲቱ ሕፃኗን ይዛ ቆማለች፤ ቁጭ በይ ያላት የለም።

«ወንበር አምጣላት» አለች መርማሪዋ ለሹፌሩ። አመጣ። «እንግዲህ ስሙኝ፤ እኔም ደክሞኛል፣ እናንተም ደክሟችኋል። ቀለበቱ አልተለወጠም። ሥጋ ውስጥ የሰመጠ ቀለበት ማን ያወጣዋል? ይኸው፣ ወርቅ ነው።» ቢጫውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ያነጣው ባዜቃ ነው፤ ፊቷን ያጠራውም እሱ ነው። የጆሮዋ ወርቅ ያልነጣው ጆሮዋን ስለማትቀባው ነው። ስለዚህ መርዙ ከድስት አልመጣም፤ ከቅባት ነው የመጣው።»

«ከኔ ቅባት አይደለም!» አለ ባለመድኃኒቱ ተሽቀዳድሞ።

«ያንተን ከጣለችው ስድስት ወር ሆኗታል። ሁለት ቅባት ነው የቀረው። እሷና ምራቷ የሠሩት በሳምንቱ ይሻግታል፤ የተፈጥሮ ነገር ወጉ ነውና። ሌላው ሦስት ወር ፀሐይ ላይ ከርሞ ሻጋታ እንኳ አልደፈረውም። ብልቃጡን ለምርመራ ልኬዋለሁ፤ መልሱን ግን ከወዲሁ አውቀዋለሁ።»

እህትየው ተነሳች። «ማሩ ውስጥ የምጨምረውን ዱቄት የሸጠልኝ ነጋዴ ከአበባ ነው ብሎኛል! እኔ ምን አውቃለሁ? ያልተማርኩ ሴት ነኝ!»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አለማወቅ ነው ብዬ ላዝንልሽ ነበር። ግን ለማር ጓንት ማን ያደርጋል?»

እህትየው እጆቿን ነጠላዋ ስር ከተተች።

«የዛሬ ሦስት ወር፣ እህትሽ ሳትታመም፣ የነጣ ቀለበት ይዘሽ ወርቅ ሠሪው ጋ ሄደሽ ነበር። ባዜቃ መሆኑን፣ ሰው እንደሚገድል፣ ሁሉን ነግሮሻል።»

«ሽማግሌ ነው፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶበት ነው!»

«ይሁን። ሕፃኗስ?» መርማሪዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማርና ሰም ከሆነ ለሕፃኗ ለምን ከለከልሽ? ቀለበትሽን አወለቅሽ፤ እጅሽን በጓንት ሸፈንሽ፤ ሕፃኗንም አተረፍሽ። እህትሽን ለምን?»

ሴትየዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ስሜ ‹የልብስ ሰፊዋ እህት› ነበር» አለች። «አንድ ሰው እንኳ እኔን ብሎ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። ከዚያ ፊቷ ሲጠራ ሴቶቹ መጡ። ‹ባለሙያዋ› አሉኝ። ፊቷን አይተው እኮ ነው የሚመጡት! ካቆምኩባት ፊቷ ይመለሳል። ትንሽ ቀነስኩላት... ሲያብጣት ቅዝቃዜ ነው አልኩ፤ እኔም አምኜው ነበር። ዛሬ አቆማለሁ፣ ነገ አቆማለሁ እያልኩ።»

«ቀለበቱን ስታዪ ግን ለምን እንደነጣ ከዚህ ሁሉ ሰው የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለች መርማሪዋ። «አውቀሽ በዚች ልጅ ላይ ጮኽሽባት። የመጀመሪያው ድክመት ነው እንበል። ይሄ ግን ምን ይባላል?»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«‹ልጄን ትተሽ ውጪ› ስትለኝ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅከኝም» አለች ቀስ ብላ። «እሰማሃለሁ፤ ዛሬ ግን አይደለም። አሁን ርቧታል፣ ላጥባት።» ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረችና ጀርባዋን ሰጠችው። ማንም ውጪ አላላትም፤ እሷም ለመውጣት አልተነሳችም።

መርማሪዋ ወረቀትና እስክሪብቶ እህትየው ፊት አስቀመጠች። «ብልቃጥ የወሰዱትን ሴቶች በሙሉ ጻፊልኝ። ከነቤታቸው። አንዷንም እንዳትረሺ።»

ሴትየዋ እያለቀሰች ጻፈች። ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ሞላ። መርማሪዋ ተቀብላ ስንት ደረጃ እንደሚሆን በሐሳቧ ገመተችና፣ «ጌታ ሆይ፣ ጉልበቱን ስጠኝ» ብላ የመጀመሪያውን በር ልታንኳኳ ወጣች።

አንቺም እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ለሞተችው ነፍስ ይማር፣ በሕይወት ላለችው እህቷ ልብ ይስጣት በይልኝ።